ለሌባ የተገዛ ጠመንጃ

አያቴ ጠመንጃ የገዙት ለሌባ ነው። ይሄን ቢያንስ መቶ ጊዜ ሰምቻለሁ። ጊዜው የጃንሆይ ነው። ቦታው ከጣርማበር ወደ ሞላሌ የሚወስደውን መንገድ ይዛችሁ ስትሄዱ፣ ከመንገዱ ወረድ ብሎ ያለ የመንዝ ደጋ መንደር ነው። ገብስ፣ ባቄላ፣ በግ፣ ውርጭ። አንድ ክረምት በግ በላይ በላዩ ተሰረቀባቸው። መስከረም ሲጠባ በሬ ሸጡና ቤልጅግ ገዙ። በሳቸው አፍ ታሪኩ ይኸው ነው፣ አለቀ።

ግን አላለቀም። ከአያቴ ማሳ ግርጌ የጎረቤት ማሳ አለ። ሁለቱን የሚለየው ካብ ነበር። በዚያው ክረምት ጎርፍ ካቡን ሁለት ቦታ በጥሶ የወሰን ድንጋዮቹን ጠርጎ ወስዷቸዋል። ድንጋዮቹ ተለቅመው ሲመለሱ አያቴ «ወደኔ ገፍቶታል» አሉ። ጎረቤትየውም በበኩላቸው «ወደኔ ገፍቶታል» አሉ። ገና ከአፍ ያላለፈ ጭቅጭቅ ነበር። እንግዲህ አያቴ አዲሱን ቤልጅግ አንግተው ከገበያ የተመለሱት በዚህ መሀል ነው። የሚያልፉት ደግሞ በጎረቤትየው ደጅ ነው፣ ሌላ መንገድ የለም።

ኅዳር ላይ ጎረቤትየው ምንሽር ገዙ። ካቡን አንድ ክንድ ከፍ አደረጉት። ሁለት ውሻ አመጡ። አያቴ ያኔ ያሏትን ነገር ቤታችን ውስጥ እስካሁን እንደ ቀልድ እንደግማታለን፤ «እኔስ ለሌባ ነው የገዛሁት። እሱ ለማን ነው የገዛው?»

(ስለ ጠመንጃና ስለ ሰሜን ሸዋ መጻፍ ዛሬ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኔ የሩቁን ነው የማወራው። ስለ ቅርቡ ምን እንደምታስቡ ለእናንተ ትቼዋለሁ።)

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ ቀን መምህራችን ሰሌዳው ላይ «የደኅንነት አጣብቂኝ» ብሎ ጻፈ። ስሙን ያወጣለት ጆን ኸርዝ የሚባል ከጀርመን ወደ አሜሪካ የተሰደደ ምሁር ነው፣ በ1950። (ዘመኖቹ በፈረንጅ ናቸው፤ በእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።) ሐሳቡ እንዲህ ነው። አንድ አገር ራሱን ለመጠበቅ ብሎ ይታጠቃል። ጎረቤቱ የሚያየው ግን ትጥቁን ነው፣ ልቡን ማየት አይችልም። ስለዚህ እሱም ይታጠቃል። የመጀመሪያው ይሄን ሲያይ «ይኸው፣ መቼ አጣሁት!» ይላል፣ ይጨምራል። ማንም ጦርነት ሳይፈልግ፣ ሁለቱም ብር ከስክሰው፣ ሁለቱም ከበፊቱ የባሰ ሥጋት ላይ ይቀመጣሉ። ክፍል ውስጥ ድምፅ አውጥቼ ሳቅሁ። መምህሩ ምን እንዳሳቀኝ ጠየቀኝ፤ «አያቴን አስታወሱኝ» ብል ማን ይረዳኛል፣ ዝም አልኩ።

በኋላ ሮበርት ጀርቪስ የሚባል አሜሪካዊ ይሄንኑ ነገር ወደ ሰው ጭንቅላት አስገብቶ መረመረው። አገር አይፈራም፣ አገር አይጠረጥርም፤ የሚፈሩትና የሚጠረጥሩት ቢሮ ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። ሰው ደግሞ የታወቀ ድክመት አለበት። የራሱን ሐሳብ ከውስጥ ሆኖ ስለሚያውቀው ሌላውም የሚያውቀው ይመስለዋል። «ለሌባ እንደገዛሁት ማን ያጣዋል?» ዓይነት። እንግዲህ ጎረቤቱ ሲፈራው ፍርሃቱን አያምንለትም። ቀጥሎ የሚመጣው ነው ክፉው፤ «ያለ ምክንያት የሚፈራኝ ከሆነ፣ ለራሱ የሆነ ነገር ቢያስብ ነው።» እዚች ላይ የሌላው ፍርሃት ወደ ሌላው ክፋት ተቀየረ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ መመለሻው ከባድ ነው።

እኔ ስለ መተማመን ሳስብ ብዙ ጊዜ የምመለሰው እዚህች ነጥብ ላይ ነው። ስለ አገሮች መተማመን ሲወራ ሁሌ የሚጠየቀው «እነሱ ይታመናሉ ወይ?» የሚለው ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አልከፋም። «እኛስ እናስፈራለን ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም። አንድ ሰው ራሱን በመስተዋት አይቶ የሚያስፈራ ፍጡር ማየት አይችልም መሰለኝ።

ይሄ የመንደር ነገር እንዳይመስላችሁ 1983ን እንይ። ሴፕቴምበር 1 ቀን የሶቪየት ተዋጊ ጄት መስመሩን ስቶ ሰማያቸው ውስጥ የገባ የደቡብ ኮሪያ መንገደኛ አውሮፕላን መትቶ ጣለ፣ 269 ሰው አለቀ። አሜሪካኖቹ «ሆን ብለው ነው፣ አውሬዎች ናቸው» አሉ። ሶቪየቶቹ ደግሞ «የስለላ በረራ ነው» አሉ። ወሩ ሳያልቅ፣ ሴፕቴምበር 26 ሌሊት፣ የሶቪየት የማስጠንቀቂያ ጣቢያ ኮምፒውተር «አሜሪካ ሚሳይል ተኩሳለች» ብሎ ጮኸ። መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ እየጨመረ አምስት። ተረኛው ሌተና ኮሎኔል ስታኒስላቭ ፔትሮቭ ይባላል። ሰውየው አሰበበት። እውነት ጦርነት ሊጀምሩ ከሆነ በአምስት ሚሳይል ብቻ ይጀምራሉ እንዴ? የሐሰት ማስጠንቀቂያ ነው ብሎ ሪፖርት አደረገ። ልክ ነበር፤ ሳተላይቱን ያታለለው ደመና ላይ ያረፈ የፀሐይ ጨረር ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይሉታል ይሄንን። ፔትሮቭ ግን ልጡን ልጥ ብሎ ጠራው።

ኖቬምበር ላይ ደግሞ ኔቶ «ኤብል አርቸር 83» ብሎ የሰየመውን ልምምድ አደረገ። የኒውክሌር ትእዛዝ እንዴት እንደሚተላለፍ የሚለማመዱበት ነው። ሶቪየቶቹ መሀል «ልምምድ ብለው ሸፍነው እውነተኛውን ሊያመጡብን ይሆን?» ብለው የሠጉ ነበሩ፤ ምሥራቅ አውሮፓ ያሉ አንዳንድ አውሮፕላኖቻቸውንም በተጠንቀቅ አቆሙ። አደጋው ምን ያህል ቅርብ እንደነበር የታሪክ ሰዎች እስካሁን ይጨቃጨቃሉ፣ እኔ እዚያ አልገባም። እኔን የያዘኝ የያኔው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሬገን በኋላ ስለዚያ ዘመን በትዝታው የጻፈው ነው። ሶቪየት አናት ላይ ያሉ ሰዎች አሜሪካን የምር እንደሚፈሩ ሲገባው ደንግጧል። አሜሪካ መጀመሪያ የምትተኩስ አገር እንዳልሆነች ዓለም ሁሉ ያውቃል ብሎ ነበር የሚያስበው።

ይሄን ሳነብ አያቴ ታዩኝ፣ ከነበርኖሳቸው። «እኔ ደግሞ ማንን አስፈራለሁ?»

ሬገን ግን ከአያቴ ፈጠን አለ። ጃንዋሪ 16 ቀን 1984 ባደረገው ንግግር ድምፁን አለዘበ። እስቲ አስቡት አለ፤ ኢቫንና አንያ የሚባሉ ሩሲያውያን ከጂምና ከሳሊ ጋር ዝናብ ሸሽተው አንድ መጠለያ ሥር ቢገናኙ ስለ መንግሥታቸው ነው የሚከራከሩት ወይስ ስለ ልጆቻቸው ነው የሚያወሩት? ትንሽ ማር ማር ይላል፣ እሺ። ነገር ግን ያንን ሰው ሶቪየትን «የክፋት ኢምፓየር» ሲል የሰማ ሁሉ ልዩነቱ ይገባዋል።

መጠርጠር አንዴ ሥር ከያዘ በኋላ ደግሞ ደግ ነገር ራሱ ማስረጃ ይሆናል፣ የክፋት ማስረጃ። በ1956 ሶቪየት ኅብረት ከሠራዊቷ 1.2 ሚሊዮን ሰው እንደምትቀንስ አወጀች። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጆን ፎስተር ደለስ ምን አለ? ሰዎቹ ፋብሪካ ገብተው የአቶሚክ ቦምብ ከሚሠሩ ወታደር ሆነው ቢቆሙ ይሻለኛል አለ። አስቡት፤ ወታደር ቢጨምሩ ሊወሩን ነው፣ ቢቀንሱ ቦምብ ሊሠሩ ነው። ኦሌ ሆልስቲ የሚባል ተመራማሪ በኋላ የደለስን ንግግሮች አንድ በአንድ አገላብጦ ያገኘው ይሄንኑ ነው። ለሰውየው ጥሩ ዜና የሚባል ነገር አልነበረም። ቢስቁ ተንኮል፣ ቢያለቅሱ ተንኮል። አያቴም ጎረቤትየው አንድ ወር ሙሉ በደጃቸው ሳያልፉ ሲቀሩ «ምን እየዶለተ ቢሆን ነው የጠፋው?» ይሉ ነበር አሉ። ሲያልፉ ደግሞ «ሊሰልል መጣ።»

እስካሁን ያልኩትን ያነበበ የአገሬ ሰው አሁን አንድ ነገር ሊለኝ አፉ ላይ እንደደረሰ አውቃለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ ይኖራል ስንጥር። ሰው ማመን ቀብሮ። በቋንቋችን ውስጥ ስለ ጥርጣሬ ያለው ተረት ስለ መተማመን ካለው ሳይበልጥ አይቀርም፣ ይሄ ራሱ አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል። ደግሞም ሐሰት አይደለም። ከኛው ደጅ ማስረጃ አለ።

አንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ የሚባል ቦታ አለ። አጼ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ለኢጣሊያ የጂኦግራፊ ማኅበር የሰጡት ነው። ማርኬዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪ የሚባል የተፈጥሮ ተመራማሪ በ1876 ቡድን ይዞ ሸዋ ገባና እዚያ ከተመ። ወፍና እንስሳ ሲሰበስብ፣ ሲመዘግብ ኖሮ በ1882 እዚያው ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ። መሬት ሰጥተኸው፣ አፈርህ ውስጥ የተቀበረ እንግዳ ማለት ነው። ከዚህ በላይ ምን መተማመን አለ? በዚያው በር ደግሞ ካውንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ገባ። ሸዋ ከ1879 ጀምሮ የተመላለሰ፣ ቤተ መንግሥቱን የለመደ ሰው ነው። የውጫሌን ውል ያዋዋለውም እሱ ነው፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. (ይሄኛው በእኛ ነው)። አንቀጽ 17ን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረነዋል። በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል»። በኢጣሊያንኛው ግን በኢጣሊያ በኩል ለማድረግ ተስማምተዋል። አንድ ግሥ ናት። ኢጣሊያ በዚያች ግሥ ኢትዮጵያን ጥገኛዬ ናት ብላ ለአውሮፓ አሳወቀች።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። እሺ፣ እዚህ ላይ አልከራከርም።

ነገር ግን ማታለሉ እንዴት እንደታወቀ አስተውሉ። አጼ ምኒልክ እንደ ማንኛውም ነፃ ንጉሥ ለአውሮፓ ነገሥታት በቀጥታ ደብዳቤ ጻፉ። በ1890 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ መልስ መጣ፤ ጉዳዩን በኢጣሊያ በኩል እንጨርሰዋለን የሚል። ነገሩ እዚህ ላይ ተገለጠ። ማለቴ፣ ምኒልክን ያዳናቸው ሰው አለማመናቸው ብቻ አይደለም፤ ጉዳዩን ከሌላ ወገን የሚሰሙበት መስመር ስለነበራቸው ነው። ውሉን በ1893 አፈረሱት፣ አድዋ በ1896 ሆነ። ደግሞ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ከዚያችው ካታለለቻቸው ኢጣሊያ ጋር አዲስ አበባ ላይ የሰላም ውል ተፈራረሙ። ያንን የፈረሙት የኢጣሊያን ልብ አምነው ይመስላችኋል? እኔ አይመስለኝም። ከኢጣሊያ ምን እንደሚጠበቅ፣ ኢጣሊያም ከሳቸው ምን እንደሚጠብቃት ያኔ ለሁለቱም ግልጽ ነበር።

ስለ ሸዋና ውል ካነሳን አንጎለላንም ላንሳት፣ ለደብረ ብርሃን ቅርብ ናት። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዙ ካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል የተፈራረሙት እዚያ ነው፣ ኖቬምበር 1841። ሃሪስ ይዞት ከመጣው ገጸ በረከት መሀል መድፍና ጠመንጃ ነበረበት። ንጉሡ መሣሪያውን ፈለጉ፣ እንግሊዞቹ ንግዱን ፈለጉ፣ ሁለቱም አንድ ወረቀት ላይ ፈረሙ። ከወረቀቱ ብዙም የወጣ ነገር የለም።

ወደ መንደር ልመለስ።

ሽማግሌዎች በአያቴና በጎረቤትየው መሀል ሁለት ጊዜ ገብተው ነበር። አስማሏቸው፣ ማሉ። አንዱም የሌላውን መሐላ አላመነም። «ጠመንጃውን ሁለታችሁም ለእኛ አስረክቡ» ቢሏቸው ሁለቱም እሺ አሉ፤ ብቻ «መጀመሪያ እሱ።» ይቺ «መጀመሪያ እሱ» የምትባል ነገር ስንት ጉባኤ እንደበተነች እግዜር ይቁጠራት።

በዓመቱ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ውርጩ ገብሱን አንጀት በሚያቃጥልበት ጊዜ፣ በማለዳ ውሻ ጮኸ። አያቴ (ሴቷ ማለቴ ነው፣ እማማ የምንላቸው) በሩን ገርበብ አድርገው ሲያዩ ጎረቤትየው ዳገቱን እየወጡ ነው። ብቻቸውን። ዱላ አልያዙም። በርኖሳቸውን ደግሞ አውልቀው፣ አጣጥፈው፣ በክንዳቸው ይዘውታል። የመንዝን ታኅሣሥ የማያውቅ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አይገባውም። በርኖስ ሙቀት ነው፣ ግን ሥሩ ምን እንዳለ የማይታይበት ልብስም ነው። በእጀ ጠባብ ብቻ፣ እየተንቀጠቀጡ፣ እጃቸውን ሙሉ ለሙሉ እያሳዩ ነው የመጡት።

እማማ «ሰውየው አብዷል» አሉ። አያቴ ቤልጅጉን ከተሰቀለበት አወረዱት። ትንሽ ያዙት። መልሰው ሰቀሉት።

ጎረቤትየው ደጅ ላይ ቆመው ያሉት አንዲት ነገር ናት፤ «ልጄ አርባ ቀኑ ደርሷል። ክርስትና አንሳልኝ።»

ያን ቀን መልስ አልተሰጣቸውም። ሌሊቱን ሙሉ እማማ «ወጥመድ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን መንገድ ላይ ሊያስደፋህ ነው» ሲሉ አደሩ። አያቴ ሲያገላብጡት አደሩ። ንጋት ላይ «ልጁን እኔ እጅ ላይ አስቀምጦ እንዴት ያስተኩሳል?» አሉና ሄዱ። ያነሱት ክርስትና ይኸው ሁለቱን ቤት አበልጅ አደረገ። እኔ ጎረቤትየውን ሳውቃቸው ስማቸው አበልጅ ነው፣ ሌላ ስም ያላቸው አይመስለኝም ነበር።

የግብፁ ፕሬዚዳንት አንዋር ሳዳት ኖቬምበር 19 ቀን 1977 ኢየሩሳሌም ሲገባ የሆነው ከዚህ ይለያል ብላችሁ ነው? ግብፅና እስራኤል ከእስራኤል መንግሥት ምሥረታ ጀምሮ አራት ጊዜ ተዋግተዋል፤ የመጨረሻው ገና አራት ዓመቱ ነው። የእስራኤል ጦር ኢታማዦር ሹም ሞርደኻይ ጉር በጋዜጣ ላይ ይሄ ማታለያ ሊሆን ይችላል ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። የእማማ ቢጤ ማለት ነው። ሳዳት አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ሲጨብጠው ማታለያ እንዳልነበር በቀልድ ነገረው ይባላል። በማግስቱ በእስራኤል ምክር ቤት፣ በክኔሴት፣ ባደረገው ንግግር ደግሞ በእኛና በእናንተ መሀል የሥነ ልቦና ግድግዳ አለ፣ የችግሩ 70 በመቶ እሱ ነው አለ። 70ው ከየት መጣ አትበሉኝ፣ ሰውየው ራሱ ገምቶ ነው እንጂ በሜትር አልለካውም። ግን ግምቱ የሚናቅ አይደለም። በ1978 ካምፕ ዴቪድ፣ በ1979 የሰላም ውል፣ በ1982 ሲናይ ወደ ግብፅ ተመለሰ። እሱ ግን አላየውም፣ በ1981 የገዛ ወታደሮቹ ገደሉት። በርኖስ አውልቆ መውጣት ብርድ ብቻ አይደለም ያለው።

ጉዞው ለምን ሠራ? የማያስከፍል ቃል ማንም ይናገራል። «ሰላም እንፈልጋለን» የማይል መሪ አሳዩኝ። ሌላው የሚያምነው ብትዋሽ የምትጎዳበትን ነገር ስታደርግ ነው። ሳዳት በጉዞው የዐረብ ወዳጆቹን አጣ፣ አበልጅ ደግሞ ልጃቸውን ነው አደጋ ላይ ያስቀመጡት። ቻርልስ ኦስጉድ የሚባል የሥነ ልቦና ሰው በ1962 አካባቢ ከዚህ መለስ ያለ መንገድ ጠቁሞ ነበር። አንድ ጊዜ ሁሉንም አታውልቅ፤ ትንሽ ነገር አስቀድመህ ተናገር፣ የተናገርከውን ፈጽም፣ ሌላውም እንዲመልስ ጋብዝ፣ ቢመልስ ጨምር። «መጀመሪያ እሱ» ለምትባለው በሽታ መድኃኒት ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ከኩባው ሚሳይል ቀውስ በኋላ፣ ጁን 10 ቀን 1963፣ ሌሎች እስካልጀመሩ ድረስ አሜሪካ በከባቢ አየር ውስጥ የኒውክሌር ሙከራ አታደርግም ብሎ አወጀ። የሶቪየቱ መሪ ክሩሽቼቭ ንግግሩ ሞስኮ ውስጥ እንዲታተም አደረገ። ኦገስት 5 ሞስኮ ላይ ሙከራን የሚገድበው ውል ተፈረመ። ሁለት ወር አልሞላም።

አሁን ስለ አባይ ካልጻፍኩ የሚነበብልኝ አይመስለኝም። ደግሞ ከዚህ ሁሉ የቀረበን እሱ ነው።

እኛ ግድቡን የሠራነው ለመብራት ነው። ይሄ እውነት ነው፣ አያቴም ጠመንጃውን የገዙት ለሌባ ነው። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ፣ ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ እንዲያመነጭ የታሰበ ግድብ ነው። ካይሮ የተቀመጠ ሰው ግን አምፖሉን አያይም። የሚያየው የሚጠጣው ውኃ ላይ የተሠራ በር ነው፣ ቁልፉ በሌላ እጅ ያለ። እኛ ይሄን ሲሉን «ምን አደረግናቸው?» እንላለን፣ ቀጥሎም «ሊያስርቡን ፈልገው ነው» እንላለን። እነሱ ደግሞ በኛ ዓይን ምን እንደሚመስሉ አያውቁም። ጁን 2013 ላይ የግብፅ ፖለቲከኞች ከፕሬዚዳንት ሙርሲ ጋር ተሰብስበው ግድቡን እንዴት እንደሚያበላሹ ሲማከሩ በቀጥታ በቴሌቪዥን እየተላለፈ መሆኑን አያውቁም ነበር። ሳሎናችን ተቀምጠን ያየነው ነው። ያንን ያየ ኢትዮጵያዊ ከዚያ በኋላ ስለ ቅን ልቦና ቢነግሩት ይሰማል?

ይሄን ስል ሁለቱ እኩል ልክ ናቸው እያልኩ አይደለም። የ1959ኙ ውል ለግብፅ 55.5 ቢሊዮን፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ሲያከፋፍል ኢትዮጵያ ጠረጴዛው ላይ አልነበረችም፤ ያንን ውል አክብሩ መባል ያስቃል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ትክክል መሆንና አለማስፈራት አንድ አይደሉም። በ2015 ካርቱም ላይ ሦስቱ አገሮች የመርሆች መግለጫ ሲፈርሙ መረጃ መለዋወጥ፣ ጉልህ ጉዳት አለማድረስ፣ ሁሉም ተጽፏል። ግድቡ ሴፕቴምበር 2025 ላይ ተመርቋል። የቀረው ነገር ውኃው ምን ያህል ተለቀቀ፣ ምን ያህል ተያዘ የሚለውን ሁለቱም ወገን አብሮ የሚያይበት መንገድ ነው። እኔ እንደ አንድ ተራ ጸሐፊ፣ መጀመሪያ እኛ ብናሳይ አንጎዳም ባይ ነኝ። ቁጥሩን በየጠዋቱ በይፋ ብናወጣው ምን ይቀርብናል? ስድብ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ፣ ይምጣ።

ምክንያቱም ከክርስትናው በኋላ አያቴና አበልጅ ካቡን አላፈረሱትም። ይሄን ነው ብዙ ሰው የሚረሳው። «አበልጅነት ሌላ፣ ወሰን ሌላ» ይሉ ነበር አያቴ። ሦስት ሽማግሌ ቆሞ በገመድ ተለካ፣ ድንጋዮቹ በቀን፣ ሰው እያየ ተተከሉ። ከዚያ በየዓመቱ፣ ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ሲጠነክር፣ ሁለቱ አብረው ከላይ እስከ ታች ይሄዱና ድንጋዮቹን ይቆጥራሉ። ሲጨርሱ ጠላ ይጠጣሉ። አንድም ዓመት አልቀረም።

ሬገን ለሶቪየቱ መሪ ለጎርባቾቭ ደጋግሞ የሚላት የሩሲያ ተረት ነበረች፤ እመን፣ ግን አጣራ። በሩሲያኛው ቤት ትመታለች። ዲሴምበር 8 ቀን 1987 የመካከለኛ ርቀት ሚሳይሎችን ውል ሲፈራረሙ ሬገን ደገማት፣ ጎርባቾቭም በተገናኘን ቁጥር ትላታለህ ብሎት ሰው ሁሉ ሳቀ። በዚያ ውል 2,692 ሚሳይል ወደመ። የምወደው ግን ቁጥሩን አይደለም። የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች ቮትኪንስክ በምትባል የሩሲያ ከተማ፣ የሶቪየት ተቆጣጣሪዎች ዩታ ውስጥ ማግና በምትባል ከተማ፣ ፋብሪካ በር ላይ ተቀምጠው 13 ዓመት የሚወጣውን ዕቃ ሲያዩ ኖሩ። አስራ ሦስት ክረምት። ማጣራት ስድብ አይደለም ማለት ነው፤ ተለምዶ ጉርብትና ሊሆን ይችላል። ውሉ በ2019 ፈረሰ። አሁን የሚያይም የሚታይም የለም።

አበልጅን ካረጁ በኋላ፣ ካቡ ሥር ፀሐይ ሲሞቁ፣ ጠይቄያቸው አውቃለሁ። «አበልጅ፣ ያን ጊዜ አባባን የምር ፈርተዋቸው ነበር?»

«ያቺን ቤልጅግ ባየሁ ቀን እራት አልበላሁም» አሉ። «ሌሊት ራሴን ወደ ግድግዳው አድርጌ አልተኛም ነበር። በርኖሱን ያወለቅሁት ሦስት ሌሊት አስቤበት ነው። ከነበርኖሴ ብሄድ ምን እንደያዝኩ በምን ያውቃል? ብርዱ ግን፣ ልጄ፣ ብርዱ!»

ይሄንን ሄጄ ለአያቴ ነገርኳቸው። እኔ እንኳ ይደነግጣሉ ብዬ ነበር። በርኖሳቸውን ሰብሰብ አደረጉና «እኔን? እኔ ደግሞ ማንን አስፈራለሁ?» አሉ። እስኪሞቱ ድረስ አላመኑም።

ሁለቱም አሁን የሉም። ደርግ መሬት ሲያከፋፍል ስንት ወሰን ፈርሷል፤ ያቺ ካብ ግን እንዳጋጣሚ ተረፈች። ድንጋዩን የምንቆጥረው እኔና አያቴ ክርስትና ያነሱት ልጅ ነን፤ ልጅ ልበላቸው እንጂ ፀጉራቸው ነጭ ነው። እኔ ደብረ ብርሃን ስለምኖር ዘንድሮ ዘግይቼ ሄድኩ፣ ሁለት ሳምንት። ስደርስ ከታች ሦስተኛው ድንጋይ ዝናብ አላልቶት ጋድሟል። ማሳው አጠገብ በየቀኑ ይመላለሳሉ፣ አልነኩትም። «ለምን አላቆሙትም?» ብላቸው እንደ ሞኝ አዩኝ።

«ብቻዬን?» አሉ። «ና፣ በዚያ በኩል ያዝ።»